አባቴ ለማኦሪዎቹ ፉከራ መልስ የሰጠ ዕለት

ያ ቅዳሜ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ሰው ሲሰማኝ «ተይው እባክሽ፣ ያለፈ ነገር ነው» ይለኛል። ያለፈ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ግን የዚያች የፌስቲቫል ሊቀመንበር ፊት ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ስታዝንልን አሁንም ይታየኛል፤ ሲታየኝ ደግሞ የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጣለሁ።

አባቴን ከወሎ ያስመጣሁት በጥር ነበር። ሰው አባቱን በጥር ወር ሚኒሶታ ያመጣል? እኔ አመጣሁት። ወረቀቱ ያለቀው ያን ጊዜ ነው፣ ጊዜው እንዳያልፍበት ፈራሁ። ኒው ሆፕ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነበረን፣ እኔና የስምንት ዓመት ልጄ። የልጄ አባት ሌላ ስቴት ሄዶ ቀርቷል። አባቴ በመስኮቱ በረዶውን ለአንድ ሳምንት ያህል እየተገረመ አየ፤ ከዚያ በኋላ መገረሙንም ተወው።

እኔ ሆፕኪንስ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራ ነበር። ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። «ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብዎታል» እያልኩ ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ሳጫውት እውላለሁ። የኔው አባት ግን ቤት ውስጥ ከማይገባው ቴሌቪዥን ጋር ተፋጦ ነው የሚውለው። ስመለስ እግሬ አብጦ፣ አፌ ዝሎ ነው። «በላህ አባባ?» «በላሁ።» «ደህና ዋልክ?» «ደህና ነኝ።» በቃ፣ ይኸው ነበር ወሬያችን።

አባቴ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። በአገራችን ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ እሱ ተነስቶ ሳይፎክር የተበተነ የለም። ቀጭን ነው፣ ቁመቱም ይህን ያህል አይደለም፤ ዘራፍ ብሎ ሲነሳ ግን ዳሱ የሚጠበው ይመስለኝ ነበር። ግጥሙን እዚያው ቆሞ ነው የሚፈጥረው። ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ «ይበቃሃል፣ ተባረክ» ይለዋል፣ እሱም ከዘራውን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። ሳይጨርስ የሚነካው ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለው ሰው ነው ኒው ሆፕ መጥቶ በቀን ሦስት ቃል የሚናገር የሆነው። ልጄን ሲያናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች። የሚለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ምላሷ ግን ወደዚያ ይሄድባታል። እሱም እሷን ማስቸገሩን ተወ።

መጋቢት ላይ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ጠየቀ፣ እኔ አስተረጎምኩ፣ ሐኪሙ ዲፕረሽን ብሎ ጻፈ። ይህን በአማርኛ ምን እንደምለው ግራ ገባኝና «ታመሃል ይልሃል፣ የሐሳብ በሽታ ነው» አልኩት። አባቴ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነበር።

«አልታመምኩም» አለ። «የሚያናግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «አንድ ነገር ልለምንሽ» አለኝ።

«ምን አባባ?»

«በሰው ፊት ታሟል እንዳትዪኝ። አንድ ሰው አንዴ በሽተኛ ከተባለ በኋላ የሚናገረውን ማንም አይሰማውም። የፈለገውን ቢል፣ በሽታው ነው የተናገረው ይሉታል።»

«እሺ፣ አልልም» አልኩት። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። የሰጠሁት ቃል ይህ ብቻ ነበር፣ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

በመሥሪያ ቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ አንዲት ማኦሪ ነበረች። ማኦሪዎች ኒው ዚላንድ ከሚባለው የደሴት አገር ናቸው፤ ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት ባለ አገሮቹ። ትልቅ ሴት ናት፣ ስትስቅ የድስቱ ክዳን ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። የሚኒሶታ ሰው አግብታ ነው የመጣችው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስለ አባቴ ዝምታ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«በሐምሌ ሴንት ፖል ውስጥ የደሴት ሰዎች የዜማና የጭፈራ ፌስቲቫል አለ» አለችኝ። «ሃዋዮች አሉ፣ ሳሞአዎች አሉ። ወንድሜም የኛን ቡድን ይዞ ከዩታ ይመጣል። አባትሽን አምጪው። ሽማግሌ ተናግሮ የሚሰማበት ቦታ ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን አነጋገሯን ይዤ ነው የሄድኩት። ማታውኑ ለአባቴ ነገርኩት። የፌስቲቫሉ ቅዳሜ ሲደርስ እኔ ሳልነሳ ተነስቶ፣ ተላጭቶ፣ በዚያ ሐምሌ ሙቀት ኮቱን ለብሶ ነጠላውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«አባባ፣ በጣም ሆት ነው፣ ኮቱን ተወው።»

«ሰው ጋ ነው የምንሄደው አላልሽም?» አለኝ።

ፌስቲቫሉ የነበረው አንድ ኮሌጅ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። በር ላይ አንዲት ወጣት ለእያንዳንዱ ሰው የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ ታጠልቃለች። ሰዉ እየሳቀ፣ ፎቶ እየተነሳ ይቀበላል። አባቴ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ማኦሪዋ ጓደኛዬ ለኔ፣ ለአባቴና ለልጄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ይዛልን ነበር፤ እሷ ከኋላ ምግቡ ጋ ነበረች።

ፕሮግራሙን የከፈተችው የአዘጋጆቹ ሊቀመንበር ናት። የደሴት ሰው አይደለችም፣ የዚሁ የሚኒሶታ ሴት ናት፣ ደረቷ ላይ የሪባን ባጅ የለጠፈች። ማይኩን ይዛ «ዛሬ ሁላችንም የደሴት ቤተሰብ ነን» አለች። «እንግዳ የለም። አትፈሩ፣ ከልባችሁ ተሳተፉ።» እኔ ሞኟ ለአባቴ አንድም ሳላስቀር አስተረጎምኩለት።

«ሁሉም ሰው?» አለኝ።

«ሁሉም ሰው።»

ራሱን ነቀነቀ።

መጀመሪያ አንዲት የሃዋይ አሮጊት ብቻዋን ወጣች። ቅል የመሰለ ከበሮ ይዛለች። መድረኩ ላይ አልወጣችም፣ ከታች ቆማ ማዜም ጀመረች። ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ ዜማ ነው። አባቴ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«ምን ትላለች?»

የታደለንን ወረቀት አነበብኩለት። ለመግባት ፈቃድ እየጠየቀች ነው፣ ከውስጥ በዜማ ግቢ እስክትባል ድረስ አትገባም ይላል። እንዳልኩትም ከመጋረጃው ኋላ ሌላ ድምፅ መለሰላት፣ ያኔ መድረኩ ላይ ወጣች።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለ አባቴ። «ደጅ ቆሞ መጥራት፣ ከውስጥ መመለስ። ያልተመለሰለት ሰው ምን ብሎ ይገባል? ውሻም አይደል።» ልጄን በክርኑ ነካ አድርጎ «አየሽ?» አላት። ከጥር ወዲህ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር አልሰማሁትም። ዕንባዬ መጣ፤ ቦርሳዬን የምፈትሽ መስዬ አቀረቀርኩ። አጠገባችን የተቀመጠው ቤተሰብ ፈንድሻ እየበላ ያወራ ነበር።

አሁን የሚያናድደኝ ነገር ይጀምራል። አሮጊቷና ከመጋረጃው ኋላ የወጡት ተጫዋቾቿ አራት ያህል ጭፈራ እንደጨረሱ ሊቀመንበሯ ማይኩን ነጥቃ «የናንተ ተራ ነው» አለች። የፕላስቲክ ቄጤማ ቀሚስ በካርቶን ይዘው መጡ። ከሰዉ መሀል አንድ ቁምጣ የለበሰ ሰውዬ ጎትታ አወጣች። «ከየት ነህ?» «ከዚሁ ከዉድበሪ።» ጭብጨባ። ቀሚሱን አስታጠቁት፣ ደረቱ ላይ ደግሞ ሁለት ግማሽ ኮኮናት አሰሩለት። ዳሌውን ወዲህና ወዲያ አማታ፣ ዓይኑን አንከባለለ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሮጊቷ ቅሏን ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች። አባቴ የዉድበሪውን ሰውዬ አላየውም፣ እሷን ነበር የሚያየው።

«ለምንድን ነው የሚስቁባት?»

«እሷ ላይ አይደለም አባባ። ሾው ነው፣ ዝም ብለህ ኢንጆይ አድርግ።»

እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩለት። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው ሁሉ ሲሳለቅ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ የጠየቀ እሱ ነበር፣ እሱን ደግሞ እኔ ዝም አሰኘሁት።

ቀጥሎ ማኦሪዎቹ ወጡ። አሥራ ሁለት ወንዶች፣ ደረታቸው ራቁት፣ ከፊት የጓደኛዬ ወንድም የተቀረጸ ረጅም በትር ይዞ። ሐካ ይሉታል። እግራቸውን መሬት ላይ ሲመቱ የእንጨቱ ወለል ከሥራችን ነዘረ። ጭናቸውን ይመታሉ፣ ዓይናቸውን ያፈጣሉ፣ ምላሳቸውን ያወጣሉ፤ መሪው ይጠራል፣ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ። አጠገባችን ያሉት ልጆች ምላሳቸውን እያወጡ ይስቁ ነበር፣ እናታቸውም ፎቶ ታነሳለች። አባቴ ከዘራውን ጨብጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ማንን ነው የሚጠሩት?»

«ማንንም አይደለም።»

«ዝም ብሎ የሚፎክር ሰው የለም» አለኝ፣ በንቀት ጭምር።

ጨረሱ። ሲጨርሱ ግን እጅ አልነሱም፣ ፈገግም አላሉም። እንደቆሙ እያለከለኩ አዳራሹን አፍጥጠው አዩ። ሰዉ ማጨብጨብ ይኑርበት አይኑርበት ስላልገባው ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። እዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው አባቴ የተነሳው።

ዘራፍ አለ። ድምፁን አላወቅኩትም፣ ወዲያው ደግሞ አወቅኩት። ወደ መተላለፊያው ወጣ፣ ነጠላው ከትከሻው ተንሸራተተ፣ ከዘራውን ከፍ አደረገ፣ አበባው አንገቱ ላይ ነው። የአባቱን የፈረስ ስም ጠራ። ከዚያ ይህችን ግጥም እዚያው ፈጠራት፦

«ባሕር አቋርጬ ብመጣ፣ ብርቅም ከአገር ከወንዜ፣
ጎበዝ ሲጣራ ሰምቼ ዝም አላልኩም በምንም ጊዜ።»

የጓደኛዬ ወንድም በትሩን ወደ መሬት አወረደ። በዓይኔ ነው ያየሁት። እግሩን ገጥሞ፣ ቀጥ ብሎ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ ቆመ፤ ሰዎቹም እንደሱ ቆሙ። ሰው ሲናገር የሚሰማ ሰው እንደሚቆም ነው የቆሙት። ቋንቋውን አንድ ቃል አያውቁትም፣ ነገሩ ግን ገብቷቸዋል። እኔ ግን እነሱን ማየት ትቼ ሰዉን አየሁ። ፊት ሁሉ ወደኛ ዞሯል። አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች፣ ሊቀመንበሯ ለሴኩሪቲ በእጇ ምልክት ሰጠች።

ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው ከኋላው መጥቶ የተነሳውን ክንዱን ያዘ፣ ሁለተኛው ከዘራውን ቀማ። «መሣሪያ ይዟል» ሲል ሰማሁት። መድረኩ ላይ አሥራ ሁለት ጎረምሳ ቆሟል፣ ከፊታቸው ያለው ሰው የያዘው በትር ሰው ይገድላል፤ መሣሪያ የተባለው የአባቴ ከዘራ ነው። በሕይወቱ ሲፎክር የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም። ግጥሙ አፉ ውስጥ እንዳለ ተቆረጠ። ፊቱን አዞረና በዓይኑ እኔን ፈለገ።

ልል የምችለው ብዙ ነበር። ተሳተፉ ብላችሁ እየተሳተፈ ነው ማለት እችል ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው ጥሪው የገባው እሱ ብቻ ነው፣ እጃችሁን አንሱ ማለት እችል ነበር። እንግሊዝኛው አላጠረኝም። የመጣልኝ ግን የሥራ ቦታ ድምፄ ነው፣ ለቤተሰብ ስለ በሽተኛ የማወራበት ለስላሳው ድምፅ።

«ይቅርታ» አልኩ። «ያመዋል። ጭንቅላቱ ጤነኛ አይደለም። እባካችሁ፣ ታሞ ነው።»

ወዲያው ሠራ። የሴኩሪቲው እጅ ላላ፣ ሊቀመንበሯም ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ «ኦ፣ ምስኪን» አለች። ሴኩሪቲ ጠርታበት የነበረችው ሴት አዘነችለት። «አስቀድማችሁ ብትነግሩን ጸጥ ያለ ቦታ እንሰጣችሁ ነበር» አለችኝ፣ በሩ ድረስ እየሸኘችን።

በሩ ጋ ስደርስ ደሜ ፈላ። «ሁላችሁም ተሳተፉ አላልሽም?» አልኳት።

«የተሳትፎው ክፍል እኮ አልፏል» አለችኝ። ስትናገር ምንም ክፋት የለባትም። ከኋላዋ የዉድበሪው ሰውዬ ኮኮናቱን ገና ሳያወልቅ እየተንጠራራ ያየናል።

ሴኩሪቲው ከዘራውን ለደኅንነት ብሎ እስከ ፓርኪንጉ ድረስ እሱ ራሱ ይዞ መጣ። አባቴን ከፊት አስገባሁት፣ ልጄን ከኋላ። ከዘራውን ተቀብዬ ስሰጠው ጉልበቱ ላይ አጋደመው። እኔን አላየኝም። ወደ ኋላ ዞሮ ልጄን ጠየቃት።

«እናትሽ ምን አለቻቸው?»

ልጄ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ እሱን አየችው። ለአያቷ በእንግሊዝኛ ካልሆነ መልሳ የማታውቀው ልጅ፣ ያን ቀን ቃላቱን አንድ በአንድ ፈልጋ፣ በአማርኛ መለሰችለት።

«አሞታል አለች» አለችው። ከዚያ በጣቷ ራሷን ነካች። «እዚህ ጋ።»

አንድም ስሕተት አልነበረበትም። አባቴ ወደ ፊት ዞረ። «እሺ» አለ። እኔ ቁልፉን ይዤ ሞተሩን ማስነሳት አቃተኝ። በሊቀመንበሯ፣ በሴኩሪቲው፣ በዚያ ሁሉ ፈንድሻ በሚበላ ሰው ተናድጄ ነበር፣ አሁንም አልበረደልኝም። ግን እነሱ ቃል አልሰጡትም። የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ሆነን ሳለን ጓደኛዬ ሽርጧን እንዳደረገች ስትሮጥ መጣች፣ ከፊቷ ወንድሟ። ባዶ እግሩን ነው፣ በዚያ የሚያቃጥል አስፋልት ላይ። ላቡ ይንጠባጠባል። በአባቴ በኩል መስኮቱ ጋ አጎንብሶ፣ ለኔ ሳይሆን ፊቱን ወደ አባቴ አድርጎ ተናገረ።

«ይህን በብዙ ከተማ ስናደርግ ኖረናል» አለ። «ያጨበጭቡልናል። ፎቶ ያነሱናል። እኛ ግን እየጠራን ነው፣ ለጥሪ ደግሞ መልስ ነው የሚገባው። እስከ ዛሬ የመለሰልን እርስዎ ብቻ ነዎት። ሳይጨርሱ እጅ ስለተነሳብዎ አፍሬአለሁ። አገሬ ስመለስ ሽማግሌዎቼ የማን ልጅ ነው ብለው ይጠይቁኛል፣ የአባትዎን ስም ይንገሩኝ።»

አስተረጎምኩለት። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዘራውን ወደ ጎን አድርጎ፣ እጆቹን በመስኮቱ አውጥቶ፣ በሁለት እጁ የሰውየውን እጅ ያዘ። በአክብሮት፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። የአባቱን ስም የሚነግረው መስሎኝ ጠበቅኩ።

«ታሞ ነው በዪው» አለኝ። «በሽተኛ የተናገረውን ከቁም ነገር እንዳይቆጥረው ንገሪው።»

ሰውየው እጁን ሳይለቅ እኔን አየኝ። «ምን አሉ?»

«አመሰግናለሁ ነው የሚለው» አልኩት።

«እንደሱ አላለም» አለች ልጄ ከኋላ ወንበር፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ።